ሞተሩ ከፊት፣ ከመሃል ወይስ ከኋላ? ሰው የሚገዛው የቱን ነው?

ቁልፍ_ያዥ (ዋሽንግተን ዲሲ)

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማልና ታገሱኝ።

መሃል ዲሲ፣ ምድር ቤት ፓርኪንግ ውስጥ ነው የምሠራው። ዘጠኝ ዓመት አለፈኝ። የሰው መኪና ተቀብዬ አቆማለሁ፣ ማታ መልሼ አወጣለሁ። እዚህ ከተማ ፓርኪንግ የሠራ ሐበሻ ብዙ ስለሆነ ሥራውን ማብራራት አያስፈልገኝም። ፖርሽ፣ ፌራሪ፣ አስቶን ማርቲን፣ ላምቦርጊኒ፣ ያልነዳሁት የለም። ሃምሳ ሜትር ብቻ ነው የምነዳው፣ ግን መኪና በሃምሳ ሜትርም ጠባዩን ያሳያል።

ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ኮርቬት፣ የአሜሪካኑ የሼቭሮሌት የስፖርት መኪና፣ ጎን ለጎን አቆምኩ። አንዱ የ1967 ነው። ኮፈኑ እንደ ፈረስ አንገት ወደፊት የተዘረጋ፣ ሾፌሩ ኋላ ጎማው ላይ ሊቀመጥ ምንም ያልቀረው። ሁለተኛው ሲ 8 ነው፣ አዲሱ ስምንተኛው ትውልድ፣ ሞተሩ ከጋቢናው ጀርባ ያለው። ገና በሩን ሳልዘጋ አንዲት ሕፃን ከእናቷ እጅ አምልጣ መጣችና የኋላውን መስታወት በሁለት እጇ ይዛ ግንባሯን ለጠፈችበት። ሞተሩ በመስታወቱ ስር ይታያል። አልላቀቅም አለች። ስትሄድ አሥር የጣት አሻራ መስታወቱ ላይ ቀረ፣ በጨርቅ ጠረግኩት።

የ1967ቱ ባለቤት ደግሞ ሽማግሌ ናቸው። ቆመው ሲ 8ን ዞሩት። ከዚያ «ቆንጆ ነው፣ ኮርቬት ግን አይደለም» አሉኝና ሄዱ።

ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አደርኩ። ሞተሩን ከፊት ወደ መሃል ማምጣት መኪናውን አሻሻለው ወይስ ሌላ መኪና አደረገው? ሰው ይህን ያህል ገንዘብ ሲከፍል የሚገዛው አነዳዱን ነው ወይስ መልኩን? እኔ መልኩን ነው ባይ ነኝ። ተከራከሩኝ።

ማርሽ_5 (ዳላስ)

መልኩን። አለቀ። ሰው የሚያየውን ነው የሚገዛው።

ሰብለ_መካኒካል (ባሕር ዳር)

አላለቀም ወንድሜ። ቆይ ፊዚክሱን እናስቀድም።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራ፣ ብዙ ሰው ያምታታዋል። የመሃል ሞተር የሚባለው ከሾፌሩ ጀርባ፣ ግን ከኋላው ጎማ አክስል ፊት የተቀመጠው ነው። የኋላ ሞተር የሚባለው ከአክስሉ ጀርባ የተንጠለጠለው ነው። ሲ 8 የመሃል ነው። ፖርሽ 911 የኋላ ነው። በውጭ ሲታዩ የሚመሳሰሉ ይመስላል፣ ጠባያቸው ግን ሰማይና ምድር ነው።

አሁን አንድ ነገር ሞክሩ። ዱላ ውሰዱ። ሁለት ውሃ የሞላ ሃይላንድ በሁለቱ ጫፍ እሰሩ። መሃሉን ይዛችሁ በፍጥነት ግራና ቀኝ አዙሩት። ክንዳችሁን ይጎትታል፣ ለማዞርም ለማቆምም ይታገላችኋል። አሁን ሁለቱንም ሃይላንድ ወደ መሃል አምጡና እንደገና አዙሩት። ክብደቱ ያው ነው፣ ግን እንደ ላባ ይዞራል። የመሃል ሞተር ምስጢሩ ይኸው ነው። የመኪናው ከባዱ ነገር መሃል ላይ ሲሆን መሪውን ስታዞር አፍንጫው ወዲያው ይታዘዛል።

ሁለተኛው ነገር አነሳሱ ነው። ሚኒባስ ድንገት ሲነሳ የቆመ ተሳፋሪ ወደኋላ ይንገዳገዳል አይደል? የመኪናው ክብደትም እንደዚያው ወደኋላ ይተኛል። የሚገፉት ጎማዎች ከኋላ ከሆኑ ያ ክብደት እነሱን መሬት ላይ ይጫናቸዋል። ሞተሩ ከፊት ሲሆን ግን የሞተሩ ክብደት ያለው የማይገፉት ጎማዎች ላይ ነው።

ለዚህ ማስረጃው ራሱ ኮርቬት ነው። ከሲ 8 በፊት የነበረው የመጨረሻው ዜድ አር 1፣ ኃይለኛው የኮርቬት ዓይነት፣ ሞተሩ ከፊት ሆኖ 755 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ሲ 8 በ2019 ሲወጣ በ495 የፈረስ ጉልበት ብቻ ከዜሮ እስከ 60 ማይል በሰዓት በ2.9 ሰከንድ ደረሰ። ዜድ አር 1 ደግሞ 2.85። 260 የፈረስ ጉልበት ልዩነት በአብዛኛው በቦታ ለውጥ ተበላ ማለት ነው። ከቆመበት ለመነሳት ጉልበት እየጨመሩ መሄድ ጎማውን ከማሽከርከር በቀር ብዙ የሚያመጣው ነገር አልነበረም። ስለዚህ ለውጡ የመልክ ጉዳይ አልነበረም፣ ግድ ሆኖ ነው።

ቁልፍ_ያዥ

እህቴ ሰብለ፣ የሃይላንዱን ነገር እረፍት ሰዓቴ ላይ በመጥረጊያ እንጨት ሞከርኩት። እውነትሽን ነው። ልዩነቱ ያስደነግጣል።

ግን ይህ ፊዚክስ ድሮም የታወቀ ነው። ታዲያ ኮርቬት እስከ 2019 ምን ጠበቀ?

ጋሽ_ካንዴላ (ሻርጃ)

ልጆቼ ሰላም ናችሁ። ለዚህ ጥያቄ መልስ አለኝ።

ዞራ አርኩስ ደንቶቭ የሚባል መሐንዲስ ነበር። ኮርቬትን ኮርቬት ያደረገው ሰው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይህ ሰው በ1960 ሰርቭ 1 የሚባል ሞተሩ ከሾፌሩ ጀርባ ያለ የሙከራ መኪና ሠርቶ አሳየ። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ኮርቬትም እንደዚያ ይሁን እያለ ወተወተ። በ1975 ጡረታ ወጣ፣ በ1996 አረፈ፣ ህልሙን ሳያይ። አመዱ የተቀመጠው ቦውሊንግ ግሪን፣ ኬንታኪ ባለው የኮርቬት ሙዚየም ነው። መኪናው የሚገጣጠመውም እዚያው ከተማ ነው። ሲ 8 ከፋብሪካው ሲወጣ ደንቶቭ ቅርብ ነው ያለው።

ምን አስጠበቃቸው ላልከው፣ ገንዘብ ነው። ያለው መኪና እየተሸጠ ነው። ገዢው ረጅሙን ኮፈን ይወዳል። አዲስ ሻንሲ፣ አዲስ ካምቢዮ፣ አዲስ ማቀዝቀዣ ሁሉ ከዜሮ መሥራት አለበት። የሚሸጥ መኪና ያለው ኩባንያ ይህን ሁሉ ገንዘብ ለምን ብሎ ያወጣል?

አሁን ደግሞ የጋራዥ ሰው ሆኜ ልናገር። ሰላሳ ዓመት ሞተር ፈትቻለሁ፣ አሥራ አራቱን እዚህ ባሕረ ሰላጤ። የመሃል ሞተር ለሾፌሩ ገነት ነው፣ ለመካኒኩ ግን መከራ ነው። ከፊት ያለውን ኮፈን ታነሳለህ፣ ቆመህ ትሠራለህ፣ ብርሃን አለህ። የመሃሉን ግን በጠባብ ቀዳዳ እጅህን አስገብተህ በዳሰሳ ነው የምትፈታው። ስሙን የማልጠራው አንድ የድሮ መኪና መጥቶልኝ የሞተሩን ቀበቶ ለመቀየር ሞተሩን ከነካምቢዮው ሙሉ በሙሉ ማውረድ ነበረብኝ። ለአንድ ቀበቶ! ቀበቶው እጄ ላይ ሲመዘን ከአንድ ሙዝ አይከብድም። አራት ቀን ፈጀብኝ።

ሙቀቱም አለ። ከፊት ያለ ሞተር ንፋስ ፊት ለፊት ይመታዋል። የመሃሉ ንፋስ ከጎን በቀዳዳ ካልገባለት ይታፈናል። በነሐሴ የሻርጃ ሙቀት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የሚላኑ (ሚላኖ)

ጋሼ ስለ ጎን ቀዳዳ ያነሱት ነገር ነው የዚህ ሁሉ ቁልፍ። ያ ቀዳዳ ነው መልኩን የወለደው።

እስቲ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ውድድር ላይ ነገሩ ቀድሞ አልቋል። በ1959 እና በ1960 ጃክ ብራባም ሞተሩ ከጀርባው ባለ ኩፐር ፎርሙላ 1ን ሁለት ጊዜ አሸነፈ። ሞተሩ ከፊት ያለ መኪና የመጨረሻውን የፎርሙላ 1 ድል ያገኘው እዚሁ ከሚላኖ አጠገብ ሞንዛ ላይ ነው፣ በ1960፣ ፌራሪ ነበር። ኤንዞ ፌራሪ እንስሳው ጋሪውን ይጎትታል እንጂ አይገፋም ይል ነበር ይባላል። በበሬ እርሻ ያደገ ሰው ይህ አባባል ይገባዋል፣ በሬ ከማረሻ ፊት ነው። ግን በ1961 ፌራሪም ሞተሩን ከሾፌሩ ጀርባ አድርጎ ዋንጫውን ወሰደ።

ለመንገድ መኪና ግን ኤንዞ አልተዋጠለትም። ትልቁን ቪ 12፣ ባለ 12 ሲሊንደሩን ሞተር፣ ለተራ ሀብታም ከጀርባው መስጠት አደገኛ ነው ብሎ ያስብ ነበር። በዚህ መሃል ላምቦርጊኒ ቀደመው። በ1965 ቱሪን ላይ ባዶ ሻንሲ ብቻ አሳዩ። ቪ 12ቱ በቁመቱ ሳይሆን በአግድሙ ነው ከመቀመጫው ጀርባ የተኛው። አካል የሌለው መኪና ነው፣ ሰው ግን ከበበው። መሐንዲሶቹ ጃን ፓኦሎ ዳላራና ፓኦሎ ስታንዛኒ ገና ወጣቶች ናቸው። ልብሱን ደግሞ በርቶኔ በሚባል የመኪና ንድፍ ቤት የሚሠራው ማርቼሎ ጋንዲኒ ሰፋለት፣ እሱም ገና ሃያዎቹ ውስጥ ነው። በ1966 ጄኔቫ ላይ ሚዩራ ተብሎ ቀረበ። ያኔ ሞተሩ በቦታው ይገባ እንደሆነ እንኳ ገና አላረጋገጡም ነበርና ክብደት ሞልተው ክዳኑን ቆልፈው ነው ያሳዩት። ቢቆለፍም ባይቆለፍም ሰው ግድ አልሰጠውም። ትእዛዝ ጎረፈ።

ልብ በሉ፣ ያ ሁሉ ሰው የገዛው ያልነዳውን መኪና ነው። የመጀመሪያዎቹ ሚዩራዎች ደግሞ ችግር ነበረባቸው። የነዳጅ ታንኩ ከፊት ስለሆነ ቤንዚኑ ሲያልቅ በከፍተኛ ፍጥነት አፍንጫው ይቀልል ነበር። ግን ዛሬም ከዓለም ቆንጆ መኪና ጥራ ቢባል ስንቱ ሚዩራ ይላል።

ስለዚህ ቁልፍ ያዥ ልክ ነህ፣ ሰብለም ልክ ናት። ሞተሩ መሃል ካልገባ ያ መልክ አይኖርም። ኮፈኑ ዝቅ ማለት የቻለው ከስሩ ሞተር ስለሌለ ነው።

ማርሽ_5

የላምቦርጊኒው ኩንታሽስ? ልጅ ሆኜ ፖስተሩ ግድግዳዬ ላይ ነበር።

የሚላኑ

ኩንታሽ የዚያው የጋንዲኒ ሥራ ነው፣ በ1971 ጄኔቫ የታየ። እሱ ላይ ሞተሩን በቁመቱ አዞሩትና ካምቢዮውን ከሞተሩ ፊት፣ በሁለቱ መቀመጫ መሃል አስገቡት። ማርሹ እጅህ አጠገብ ሆነ፣ ክብደቱም ወደ መሃል ተሰበሰበ። ግን በዚህ ምክንያት ጋቢናው ወደፊት ተገፋ፣ መኪናው እንደ ሽብልቅ ሆነ። ወደኋላ ምንም አይታይም። ሾፌሮች ወደኋላ ሲሄዱ ወደ ላይ የሚከፈተውን በር አንስተው ደፉ ላይ ተቀምጠው አንገታቸውን አውጥተው ነበር የሚነዱት። ያ የበር አከፋፈት የላምቦርጊኒ ምልክት ሆኖ ቀረ። ጋንዲኒ መጋቢት 2024 አረፈ፣ ነፍስ ይማር። የዚያን ቀን ከሥራ ስወጣ አንድ የድሮ ስዕል መጽሔት ገዝቼ ባቡር ላይ ሳገላብጥ አመሸሁ።

ሽቱትጋርት_ነኝ (ሽቱትጋርት)

ይህን ሁሉ አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ። እናንተ የምትሉት እውነት ከሆነ 911 ድሮ መሞት ነበረበት።

በሰብለ ፊዚክስ ብንሄድ 911 ስህተት ነው። ሞተሩ ከኋላ አክስል ጀርባ ተንጠልጥሏል። እንስራ አዝለሽ ስትሮጪ አስቢው። ቀጥ ባለ መንገድ ይገፋሻል፣ ጥምዝ ላይ ግን ይወስድሻል። የድሮዎቹ ላይ ጥምዝ መሃል ነዳጁን ድንገት ስትለቀው ክብደቱ ወደፊት ይሄዳል፣ የኋላ ጎማ ይቀላል፣ ጅራቱ ዞሮ ይቀድምሃል። ፋብሪካው ራሱ ያውቀው ነበር። መጀመሪያ ላይ ከፊት ፓራውልት ውስጥ በግራና በቀኝ 11 ኪሎ ብረት ይከቱ ነበር፣ ሚዛን ለመጠበቅ። ከ1969 ሞዴል ጀምሮ ደግሞ የኋላ ጎማዎቹን 57 ሚሊሜትር ወደኋላ ወሰዷቸው።

ከዚያ ሊተኩት ወሰኑ። በ1977 ፖርሽ 928ን አወጣ። ቪ 8 ከፊት፣ ካምቢዮ ከኋላ፣ ሚዛኑ የተስተካከለ፣ ምቾት ያለው። በ1978 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተባለ። በወረቀት ላይ በሁሉም ነገር ይበልጣል። 911 ቀስ እያለ እንዲያልቅ ተፈርዶበት ነበር።

ከዚያ በ1981 ፒተር ሹትስ የሚባል አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ። የልማት ኃላፊው ሄልሙት ቦት ቢሮ ገባ። ግድግዳው ላይ የሦስት የፖርሽ መኪኖች የወደፊት ዕቅድ በመስመር ተስሏል። የሁለቱ መስመር ይቀጥላል፣ የ911 መስመር በ1981 መጨረሻ ይቆማል። ሹትስ ማርከር አነሳና መስመሩን አስረዘመው። ከወረቀቱ አልፎ ግድግዳው ላይ ሳይቀር ሳበው።

ውጤቱን ታውቃላችሁ። 928 በ1995 ቆመ፣ በጠቅላላው ወደ 61 ሺህ ነው የተሠራው። 911 ግን በግንቦት 2017 አንድ ሚሊዮንኛው ከዚሁ ከተማ ወጣ። አረንጓዴ ነው። የፖርሽ ሙዚየም እኔ ከምኖርበት በባቡር ሩብ ሰዓት ነው። እንግዳ በመጣልኝ ቁጥር እወስዳለሁ። እንግዶቼ 928 አጠገብ ሁለት ደቂቃ ይቆማሉ፣ 911ዎቹ ጋ ግን ፎቶ እያነሱ ያመሻሉ።

ሰብለ_መካኒካል

ወንድሜ ይህ ታሪክ ልቤን ነካው፣ ግን መሐንዲሶቹን አትርሳቸው። ፍቅር ብቻውን ጅራቱን አላስቆመውም። ጎማ ሰፋ፣ የኋላው እግር ተቀየረ፣ ኤሌክትሮኒክስ ተጨመረ። ስልሳ ዓመት ያህል አንድን ስህተት እያቃኑ ስህተቱን ጠባይ አደረጉት። ደግሞ የኋላ ሞተር ጥቅምም አለው። ሲነሳ የሚገፉት ጎማዎች ላይ ከመሃሉም በላይ ክብደት አለ። ዝናብ ላይ 911 ሲነሳ አይታችሁ ከሆነ ምን ማለቴ እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ቁልፍ_ያዥ

ሌላም አለ። 911 ከኋላ ሁለት ትንንሽ መቀመጫ አለው። የሞተሩ ቦታ ነው ያንን የፈቀደለት። የመሃል ሞተር መቀመጫውን ይበላዋል። አንድ ደንበኛ አለን፣ ጠዋት ሁለት ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሶ ነው የሚመጣው። የልጅ መቀመጫ ታስሮበት 911 አቆማለሁ። ወለሉ ላይ የብስኩት ፍርፋሪ አለ። ሌላ እንዲህ ያለ መኪና ውስጥ ፍርፋሪ አይቼ አላውቅም። ይህ ሰው ለሚስቱ «ለልጆቹም ይሆናል» ማለት ይችላል። መሸጫ ማለት ይህ ነው።

ደግሞ መልክ ላይ ስንመጣ፣ የ911 ገዢ የፊት መብራቱ እንዲነካበት አይፈልግም። በ1997 አካባቢ የወጣው፣ 996 የሚባለው የ911 ትውልድ፣ መብራቱ ክብነቱን አጥቶ ሰው የተጠበሰ እንቁላል አለው። ሞተሩ ከበፊቱ የበለጠ ጉልበት ነበረው፣ ማን ሰማ። በ2004 በ997 ክቡን መለሱት፣ ሰው ተነፈሰ። እስከዛሬ 996 ከሌሎቹ 911ዎች ረከስ ብሎ ነው የሚሸጠው፣ መብራቱም አንዱ ምክንያት ነው።

ማርሽ_5

እኔ ያልገባኝ አንድ ነገር። መሃል ይህን ያህል የሚበልጥ ከሆነ ፌራሪ ለምን አሁንም ከፊት ይሠራል?

የሚላኑ

ጥሩ ጥያቄ። ፌራሪ ትልቁን ባለ 12 ሲሊንደር የመንገድ መኪናውን በ1973 ወደ መሃል አመጣ፣ ቴስታሮሳም በ1984 ተከተለ። ግን በ1996 በ550 ማራኔሎ ተመልሶ ወደ ፊት ሄደ። በ2024 የወጣው ዶዲቺ ቺሊንድሪም 6.5 ሊትር ቪ 12 ረጅሙ ኮፈን ስር ነው ያለው፣ 830 የፈረስ ጉልበት።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። አንድ ዓይነት ገዢ አለ። እሱ ሩቅ አገር መንዳት ይፈልጋል። ሻንጣ ይጭናል። ሞተሩ ጆሮው ስር እንዲጮህበት አይፈልግም። ከፊቱ ያን ረጅም ኮፈን እያየ መቀመጥ ይፈልጋል። ያ ኮፈን ብዙ ሳይንቲሜትር ሞተር ከፊቴ አለ ብሎ የሚናገር ነገር ነው። አስቶን ማርቲንና መርሴዲስ ኤ ኤም ጂ ጂቲም የሚሸጡት ይህንኑ ነው።

ሰብለ እንዳትቆጣኝ፣ ፊዚክሱም አልተረሳም። ሞተሩን ከፊት አክስል ጀርባ ድረስ ገፍተው ካምቢዮውን ወደኋላ ይወስዱታል። ሚዛኑ ይስተካከላል፣ ኮፈኑ ግን ረጅም እንደሆነ ይቀራል።

ሰብለ_መካኒካል

አልቆጣም። ከሁሉም የምወደው አሠራር እሱ ነው።

ጋሽ_ካንዴላ

ስለ ገበያ ካነሳችሁ አንድ ሐቅ ልጨምር። ላምቦርጊኒ በ2023 ለመጀመሪያ ጊዜ ከ10 ሺህ በላይ መኪና አስረከበ፣ 10,112። ከነዚህ 6,087ቱ ኡሩስ ናቸው። ኡሩስ ሞተሩ ከፊት ነው፣ ቤተሰብ ይጭናል፣ ከፍ ያለ ነው። ሚዩራን የሠራው ቤት ዛሬ ብዙ የሚሸጠው ሞተሩ ከፊት ያለውን ነው ማለት ነው።

እዚህ ዱባይ መንገድ ላይ ዞር ብትሉ ኡሩስ እንደ ጉንዳን ነው። ሰውየው መሃል ሞተሩን ይወደዋል። ፎቶውን ስልኩ ላይ ያስቀምጠዋል። ቤት የሚወስደው ግን ልጆቹንና እናቱን የሚጭንለትን ነው። እኔ ይህን እንደ ክህደት አላየውም። በዚያ ገንዘብ ነው የመሃሎቹ የሚሠሩት።

ቦሌ_ቡልቡላ (አዲስ አበባ)

ጥሩ ውይይት ነው፣ ግን ከአዲስ አበባ ሆኖ ሲነበብ ሌላ ነገር ያሳስባል። እዚህ አገር የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት በፈረንጅ 2024 መጀመሪያ ተከልክሏል። ሰፈሬ ውስጥ አዲስ የሚገባው ሁሉ ኤሌክትሪክ ነው። የአንዳንዱን ኮፈን ስትከፍቱት ባዶ ነው፣ ዕቃ ይቀመጥበታል። ሞተሩ የት ነው ስትል ጎማው አጠገብ፣ ትንሽ ሐብሐብ የምታክል ነገር። ታዲያ የመሃል፣ የኋላ፣ የፊት የሚባለው ክርክር ማለቁ አይደለም?

በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱን ሩብ ያህል እዚህ ይጥላል። ኤሌክትሪኩ ምንም አይጥልም። ጎጃም በረንዳ ዳገት ላይ ይታያል።

ሰብለ_መካኒካል

ክርክሩ አላለቀም፣ ከሞተር ወደ ባትሪ ዞረ እንጂ። አሁን ከባዱ ነገር ባትሪው ነው፣ በብዙ መቶ ኪሎ ይመዝናል። ለተራ መኪና ወለሉ ስር ይነጠፋል። ለስፖርት መኪና ግን ይህ ችግር አለው። ወለሉ ከፍ ሲል ሾፌሩም ከፍ ይላል፣ ጣሪያውም ይከተላል፣ ያ ዝቅ ያለ መልክ ይበላሻል። ኤሌክትሪኩ ፖርሽ ታይካን ላይ ከኋላ ለሚቀመጡ ሰዎች እግር ብለው ባትሪው ውስጥ ጉድጓድ ትተዋል፣ ጣሪያው ዝቅ እንዲል።

ከዚያ ራቅ ያሉም አሉ። ኤሌክትሪኩ የስፖርት መኪና ሎተስ ኤቪያ ባትሪውን ከመቀመጫው ጀርባ ነው የቆለለው፣ ልክ ሞተር እንደነበረበት ቦታ። ፖርሽም በ2021 ባሳየው የሙከራ መኪና ሚሽን አር ላይ እንዲሁ አደረገ። ጋንዲኒ የሳለው ዓይነት ቅርጽ ሞተሩ ከሄደ በኋላም ቦታውን አልለቀቀም። የሚላኑ፣ ይህ ላንተ ነው።

የሚላኑ

ተቀብያለሁ። ድምፁ ግን? ቪ 12 ከጀርባህ ሲነሳ አንገትህ ላይ ያለው ፀጉር ይቆማል። ያንን በባትሪ ማን ይመልሰዋል።

ሽቱትጋርት_ነኝ

በዚህ ሁላችንም እናዝናለን። እኔ ግን ከድምፁ በላይ የማዝነው ለፍሪሲዮን ፔዳል ነው። ሲ 8 በእጅ ማርሽ አይመጣም። 911 ላይ ዛሬም መርጠህ ማግኘት ትችላለህ። ለኔ ሞተሩ የት ነው ከሚለው በፊት የግራ እግሬ ሥራ አለው ወይ የሚለው ይመጣል።

ቁልፍ_ያዥ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ብዙ ተማርኩ። ትናንት ማታ ሽማግሌው እንደገና መጡ። ከናንተ ያገኘሁትን ነገርኳቸው። ደንቶቭ በ1960 ይህንኑ ይመኝ እንደነበር ስነግራቸው ዝም አሉ። ዋጋውንም አነሳሁ፣ ሲ 8 ሲወጣ ከ60 ሺህ ዶላር በታች ነበር የተጀመረው፣ ሞተሩ መሃል ያለ ፌራሪ ወይም ላምቦርጊኒ በዚያ ዋጋ ማሰብም አይቻልም። እሱም አላሳመናቸውም። ከኋላ ሁለት የጎልፍ ቦርሳ ይይዛል ስላቸው «ጎልፍ አልጫወትም» አሉ።

በመጨረሻ አንድ ነገር ጠየቁኝ፣ መልሱን አላውቅም። ሲ 8 ላይ ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው ከላይ ያለ ዘንግ ነው ወይስ እንደሳቸው መኪና ከስር በዱላ የሚገፋ? ጋሼ እርስዎ ያውቁታል።

ጋሽ_ካንዴላ

አውቀዋለሁ። ተራው ሲ 8 ከስር በዱላ የሚገፋ ነው፣ ልክ እንደ ድሮው። 6.2 ሊትር ቪ 8። ዜድ 06 የሚባለው ግን ሌላ ነው፣ 5.5 ሊትር፣ ዘንጎቹ ከላይ ናቸው። አንተ ያቆምከው ሲ 8 የትኛው ነው?

ቁልፍ_ያዥ

ተራው ነው ጋሼ። ዛሬ እነግራቸዋለሁ።

ጋሽ_ካንዴላ

ሰላም በልልኝ። የሳቸውስ ሞተር 327 ነው ወይስ 427 ኪዩቢክ ኢንች?

ቁልፍ_ያዥ

427 ነው። ጽሑፉ አለ፣ ግን ሳላነበውም አውቀዋለሁ። ትልቁ ሞተር ስር ስላለ ኮፈኑ መሃል ላይ ከፍ ብሎ ጉብታ አለው፣ ከመስታወቱ ስር ጀምሮ እስከ አፍንጫው እየጠበበ የሚወርድ። ባቆምኩት ቁጥር መሪው ላይ ተቀምጬ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።